ከአንድ ጽዋ

አስመረት ባሏን ከቀበረች ወዲህ ለዓመታት ቆርባ አታውቅም ነበር። ቅዳሴ ግን አታስታጉልም። እሑድ እሑድ በማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ትወጣለች፤ ሰፈሩ ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን ገብታ በሴቶች በኩል፣ ከኋላ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ብሎ ሲያውጅ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝና ወደ ግራው ዞሮ እጅ ይነሳል። እሷ ያን ጊዜ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከፊት፣ ከሴቶቹ መሐል፣ የሺመቤት እንዳለች ታውቃለች። የሺመቤት ደግሞ አጠገቧ ላለው ብቻ እጅ ነስታ የምትበቃ ሴት አይደለችም፤ አንገቷን መልሳ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ድረስ ላለው ሁሉ ታጎነብሳለች።

ከዚያ ቆራቢዎቹ ይሰለፋሉ። የታቀፉ ሕፃናት፣ አሮጊቶች፣ አንዳንድ ባልና ሚስት። የሺመቤትም ከነሱ ጋር ናት። ሥጋውን ደሙን ተቀብላ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ እግሯን እየቆጠበች ጠበሉ ወደሚሰጥበት ታልፋለች። አስመረት እስከዚህ ድረስ ታያለች፤ አይታ ትወጣለች። በየሳምንቱ ያንኑ ታያለች። የጠቆመችው ትቆርባለች፤ የተጠቆመባት ውጭ ቆማለች።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ኮንዶሚኒየም ሳይደርሳቸው ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። አስመረትና ባሏ ሊባኖስ ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ የሺመቤት ደግሞ የደብረ ታቦር ልጅ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። አላገባችም፤ ልጅም አልወለደችም። አስመረት ሴት ልጇን ሉላን ስትወልድ ገንፎውን ያገነፋችው፣ አራስ ቤት ስትገባና ስትወጣ የከረመችው፣ በኋላም ሕፃኗን ክርስትና ያነሳችው እሷ ነበረች። ሉላ በሰማንያ ቀኗ ከተጠመቀች በኋላ መጀመሪያ የቆረበችው በየሺመቤት እቅፍ ሆና ነው። የደሙ ጠብታ አፏ ሲገባ ፊቷን አጨማዳ አለቀሰች፤ የሺመቤትም አብራ አለቀሰች። ልጅቷ አፍ ስትፈታ «እማማ የሺ» አለቻት። ዕጣ ወጥቶላቸው ሁለቱም ሰሚት፣ ያውም አንድ ብሎክ ሲደርሳቸው፣ እግዚአብሔር ራሱ አልለያይም ያላቸው መስሏቸው ደስ አላቸው። የሺመቤት አንደኛ ፎቅ፣ እነ አስመረት ሦስተኛ ፎቅ ገቡ።

ሊባኖስ የሊፍት ባለሙያ ነበር። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አትላስ ባሉት ሕንፃዎች ሊፍት ሲቆም የሚደወለው ለሱ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናገር ግን ቃሉ ይቀራል። ሉላ ከፍ ስትል በቁርባን እንጽና ብሎ አስመረትን የያዛት እሱ ነው። እሷ ፈራች።

«ገና ነን ሊባኖስ፤ ትንሽ እንብሰል። ከቆረቡ በኋላ መሳሳት ይከብዳል» አለችው።

«እስክድን ድረስ መድኃኒት አልወስድም እንደማለት ነው ይኼ» አላት። «በስለን አይደለም የምንሄደው፤ ሌላ መሄጃ ስለሌለን ነው። ደግሞ ክርስቶስ ውስጥ ከገባን ሞትም ቢሆን አይለያየንም፤ እኔ ያንን ነው የምፈልገው።»

እሺ አለችው። ነጭ ለብሰው አብረው ቆረቡ። አብራቸው ስታስቀድስ አድራ ያለቀሰችውም፣ ከቅዳሴ በኋላ እንግዳ ያስተናገደችውም የሺመቤት ነበረች።

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ። ጦርነቱ ወደ መሐል አገር እየቀረበ ነው ተብሎ ከተማው በፍርሃት የተያዘበት ሰሞን ነው። ሰፈር የሚጠብቁ ወጣቶችና ፖሊሶች በየብሎኩ እየዞሩ ይጠይቃሉ፤ ሰው ጎረቤቱን በጎሪጥ ያያል፤ ታክሲ ውስጥ ትግርኛ የሚናገር ሰው ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ይከተዋል። ሊባኖስ ለጥንቃቄ ሥራ መሄድ ትቶ ቤት ተቀምጦ ነበር። ሉላ በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ታች፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ ወጣቶቹ የሺመቤትን አስቁመው ሲያናግሯት አየች። ድምፃቸው ይሰማል።

«እዚህ ብሎክ የትግራይ ሰው አለ?»

የሺመቤት ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ዞራ ሦስተኛ ፎቅን በጣቷ አሳየች። ዓይኗ ከሉላ ዓይን ጋር ተጋጨ። ጣቷን ግን ወዲያው አላወረደችም። ሉላ ሮጣ ገብታ ያየችውን ለወላጆቿ ነገረች።

ሊባኖስ ምሳ እየበላ ነበር። በሩ ሲንኳኳ እጁን ታጠበ። መታወቂያ አሉት፣ ሰጣቸው። ተነሥ አሉት፣ ተነሣ። አስመረት የስኳር በሽታ መድኃኒቱን ከፍሪጅ አውጥታ ደረጃ ለደረጃ ተከተለቻቸው፤ «በኋላ ታመጪለታለሽ» አሏት። በኋላ የሚባለው ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ ጣቢያ ነው አሏት፤ ስትሄድ የለም። ከዚያ ከከተማ ውጭ ወደ አንድ ካምፕ ተወስዷል አሏት፤ የካምፑ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። በረዶ የያዘ ፔርሙስ ውስጥ መድኃኒቱን አድርጋ ስትሄድ፣ በረዶው ቀልጦ ስትመለስ፣ ክረምት ሆኖ ቢዘንብ ኖሮ እንባዋን ከዝናቡ የሚለይ አልነበረም።

ያን ሰሞን የሺመቤት በሯን ዘግታ ትውል ነበር። ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ያም ሆኖ እሑድ ከቅዳሴ አልቀረችም፤ ቁርባንም አላቋረጠችም።

ሊባኖስ መጋቢት ላይ ተፈታ። ከታክሲ ደግፈው ያወረዱት ሽማግሌ የመሰለ ሰው ድምፁን ባያሰማት ኖሮ አስመረት ባሏ መሆኑን በመልኩ አታውቀውም ነበር። ግራ እግሩ ቆስሎ ሸቷል። አጥባ፣ አልብሳ፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ይዛው ዞረች። ኩላሊቱ ተጎድቷል አሉ። ትንሽ ሲሻለው ደረጃውን በዝግታ እየወረደ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። አንድ ቀን የሺመቤት ከሥራ ስትመለስ ታች አገኘችውና ድርቅ ብላ ቆመች። እሱ እጁን ዘረጋላት።

«ደኅና ነሽ የሺ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብላ ሦስት ጊዜ ሳመችው።

አስመረት ይህን ከበረንዳ አይታ፣ ሊባኖስ ሲገባ ፊቷን አዞረችበት።

«የሳመችህን ጉንጭ ታጠበው» አለችው።

ሊባኖስ ሶፋው ላይ እግሩን ሰቅሎ ተቀመጠ። በታሰረበት ስለነበረው ነገር ያን ቀን ነው የነገራት።

«የታሰርንበት አዳራሽ ውስጥ ቄስ አልነበረም» አላት። «ጸበል የለም፣ ቅዳሴ የለም። ከቁርባን መለየቴ ከረሃቡ በላይ አስጨነቀኝ። ከክርስቶስ የተቆረጥኩ መሰለኝ። ትኩሳቱ ያጣደፈኝ ቀን ግን፣ ወለሉ ላይ እንደተኛሁ፣ እንዳልተቆረጥኩ አወቅኩ። ራእይ አላየሁም አስሚ፤ ድምፅም አልሰማሁ። አብሮኝ ታስሯል ብዬም አይደለም የማወራሽ። እኔ ነኝ እሱ ውስጥ የነበርኩት። ካምፑ፣ ሲሚንቶው፣ ቁስሌ፣ ሁሉም እሱ ውስጥ ነበር። ከዚያ ደስ ይለኝ ጀመረ። ደስታዬ ግን ወዲያው ተበላሸ።»

«ለምን?»

«የሺ ትዝ አለችኛ። እሷም እሱ ውስጥ ናት። ያን ቀን ምናልባት እሑድ ነበር፣ እሷ እየቆረበች ይሆናል። እኔን የያዘኝ እጅ እሷንም ይዟል። ልለያት አሰብኩ፤ ከሱ ሳልለይ ግን ልለያት አልቻልኩም።»

«እኔ እችላለሁ» አለችው አስመረት።

ለሆሣዕና ሊባኖስ ልቁረብ አለ። አስመረት አብራው እንድትቆርብ እጇን ይዞ ለመናት፤ የታመመ ሰው ልመና ሆኖባት እሺ አለች። ሰልፉ ላይ የሺመቤትም ነበረች። ሊባኖስ በምርኩዝ ቆሞ ተቀበለ። ዓመቱ ሳይዞር፣ ሐምሌ ላይ፣ ሞተ።

ለቅሶው ላይ የሺመቤት ዋነኛዋ ሠራተኛ ሆነች። አንድ እድር ናቸውና ማንም ሊከለክላት አይችልም። ድንኳኑ ውስጥ «ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ» እያለች ደረቷን ደቃች፤ ወጡን ሠራች፤ ለቀስተኛውን እያዞረች አበላች። ሉላ አንድ ጥግ ተቀምጣ እሷ ያቀረበችውን ሳህን ሳትነካው ዋለች። አስመረት ግን ርቧት ነበርና በላች። ይህንን ለራሷ ይቅር ብላ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ቁርባን ያቆመችው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ገባች። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሸሚዝ ስፌት ትፈትሻለች፤ የተዛባውን ለይታ ትመልሳለች። ማታ በሰርቪስ ተመልሳ ደረጃውን ስትወጣ፣ የአንደኛውን ፎቅ በር በፍጥነት ታልፋለች። እንዲህ ዓመታት አለፉ። የሺመቤት ሰላም ትላታለች፤ እሷ መልስ አትሰጥም። ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩን ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። እንዲያውም ቀስ በቀስ የሰው ፊት ተለወጠ፤ ሰላምታ የምትነፍገው፣ ቂም የያዘችው፣ ከቁርባን የራቀችው አስመረት ስለሆነች ጥፋተኛዋ እሷ ትመስል ጀመር።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ላይ የንስሐ አባቷ አባ ዓምደሚካኤል ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ መጡ። የሊባኖስም የየሺመቤትም ንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ቤቱን ጠበል ረጭተው፣ ጸሎት አድርሰው ተቀመጡ።

«አስመረት ልጄ፣ መቼ ነው የምትቆርቢው?» አሏት።

«ቂም ይዤ አልቆርብም አባቴ። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

«ቂሙን ተይዋ።»

«የሚተው ቢሆን እስከዛሬ ምን አስቀመጠው?» አለች። ለረጅም ጊዜ የያዘችውንም ጠየቀች። «እሷንስ ምን ብለው ነው የሚያቆርቧት?»

«የሰው ንስሐ አይነገርም።»

«ነገሩን ይንገሩኝ አላልኩም። ንስሐ ገብታበታለች ወይ ነው የምለው?»

አባ መስቀላቸውን እያገላበጡ ዝም አሉ። አስመረት ከዝምታው ውስጥ መልሱን አገኘች፤ የሺመቤት በሠራችው ነገር ንስሐ ገብታበት አታውቅም።

«ስሚኝ» አሉ አባ በመጨረሻ። «ክርስቶስን ስንቀበል ከነአካሉ ነው። ራሱን ብቻ ስጠኝ፣ እጅና እግሩን አልፈልግም አይባልም። እኔም፣ አንቺም፣ እሷም የሱ ብልቶች ነን።»

«እጁ ባሌን የጠቆመ ሲሆንስ?»

አባ እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል አዩት፣ ከዚያ ወለሉን አዩ።

«እኔ ሽማግሌ ሰው ነኝ» አሏት። «ያን ጊዜም ቤቴ ተቀምጬ ነበር፤ ማንንም አላዳንኩም። አንቺን ልገሥጽ አፍ የለኝም። ግን ከሱ ተለይተሽ እንዳትሞቺብኝ እፈራለሁ። እሷን ተያት። አንቺ ከሱ ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ?»

አስመረት እፈልጋለሁ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ሳይወጣ እንባዋ ቀደማት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን ያህል እንደራባት አላወቀችም ነበር። የራባት ሰላም አይደለም፣ ፍትሕም አይደለም፤ ራሱ ክርስቶስ ነው የራባት። ፋብሪካው ውስጥ ሸሚዝ እየገለበጠች፣ ሰርቪስ ውስጥ ራሷን መስኮት ላይ አስደግፋ፣ ስሙን ስትጠራ መልሱ ከሩቅ የሚመጣ ነበር የሚመስላት።

በሳምንቱ አባ ሁለቱን ሴቶች በየሺመቤት ቤት አገናኟቸው። አስመረት ከዓመታት በኋላ ያንን ደፍ ረገጠች። ቤቱ አልተለወጠም፤ ግድግዳው ላይ የሉላ የክርስትና ፎቶ አሁንም ተሰቅሏል። የሺመቤት ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጡረታ ወጥታለች። አቅፋ ልትስማት መጣች፤ አስመረት እጇን ብቻ ሰጠቻት።

«እንግዲህ» አሉ አባ፣ «በመካከላችሁ ያለውን አውጡትና ይቅር ተባባሉ።»

አስመረት አስቀድማ ያሰበችውን ሁሉ ረሳችው። የወጣላት አንዲት ጥያቄ ናት።

«ለምን የሺ?»

የሺመቤት ጥያቄውን የጠበቀችው ይመስላል። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ረጋ ብላ መለሰች።

«ጠየቁኝ። አለ ወይ አሉኝ፤ አለ አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም። መንግሥት ሲጠይቅ መዋሸት አለብኝ እንዴ? ቆራቢ ነኝ እኮ አስሚ፤ ሐሰት በአፌ አላስገባም። ሊባኖስን ይወስዱታል፣ ጠይቀው ይለቁታል ነው ያልኩት። የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ በሊባኖስ ላይ ክፉ አስቤ አላውቅም፤ ስንት ሌሊት ነው ያለቀስኩለት።»

«ጣትሽን አነሳሽ።»

«የቱ ፎቅ ነው አሉኛ።»

አባ ተቁነጠነጡ። «የሺመቤት፣ ይቅርታ ጠይቂያት» አሉ ለስለስ ብለው።

«እጠይቃታለሁ አባቴ፣ ምን ገዶኝ» አለች የሺመቤት። ወደ አስመረት ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እንባው የእውነት እንባ ነው። «እኔም ተቀይሜሻለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሰላም ስልሽ ዘግተሽኝ አለፍሽ። ክርስትና ያነሳኋትን ልጅ ከለከልሽኝ። ማንም የሌለኝ ሴት ነኝ፤ ስታመም አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። ግን ይሁን፤ ስለ ክርስቶስ ብዬ ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ካስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ።»

ውጭ ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። አስመረት የየሺመቤትን ፊት ተመለከተች። ክፋት ፈልጋ ነበር፤ ክፋት ብታገኝበት ይቀላት ነበር። ያገኘችው ግን እውነተኛ ነኝ ብላ የምታምን፣ የተከፋች፣ ብቸኛ ሴት ናት። ይቺ ሴት ሁልጊዜም እንዲህ ሆና ትቀራለች፤ የሠራችውን ሳታውቀው፣ ይቅር ባይ ሆና ትሞታለች። እኔ ደግሞ የምጠብቀውን ሳላገኝ እሞታለሁ፤ አለች በልቧ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት።

አባ ተነሥተው ሁለቱን በመስቀል ባርከው «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። የሺመቤት አቀፈቻት። አሁን አስመረት አልሸሸችም። የሺመቤት ትከሻ ላይ አገጯ አርፎ፣ ድሮ የምታውቀውን የቅባት ሽታ እያሸተተች፣ እስክትለቃት ጠበቀች።

ለሉላ የነገረቻት ያን ቀን ማታ ነው። ሉላ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ትሠራለች። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማቻት።

«ማሚ፣ ሲሪየስ ነሽ?» አለች።

«ለፋሲካ ልቆርብ ነው።»

«እሷ ይቅር አለችሽ? እሷ? አንቺን?» ሉላ ሳቀች፤ ሳቁ አያምርም። «ከዚያ ደግሞ አቅፈሻት መጣሽ።»

«አባትሽም ይቅር ብሏት ነው የሞተው።»

«አባዬ ሞተ፤ ከሞተ ሰው ምን ይጠበቃል? እኔ ግን በረንዳው ላይ ነበርኩ። ጣቷ ወደ እኔ ነው የመጣው። ሕፃን ሆኜ አቅፋ ያስቆረበችኝ ሴት ጣት ነው፣ ዩ ኖው? አንድ አካል ነን ትሉኛላችሁ። እሷ ያለችበት አካል ውስጥ እኔ የለሁም። በቃ።»

«ሉላዬ፣ አካሉ የሷ አይደለም እኮ።»

«የማን ነው ታዲያ? ሁልጊዜ ከፊት የምትቆመው እሷ ናት። ወጥቶ የቀረው አባዬ ነው፣ አንቺ ነሽ፣ እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። ሉላ በዚያው ሳምንት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ገርጂ ቤት ተከራይታ ወጣች። ስትሄድ አልተጣሉም፤ ልጅቷ የእናቷን ጉንጭ ስማ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። አስመረት በረንዳ ወጥታ ታክሲው እስኪሄድ አየች። ልትጠራት አሰበች፤ ምን እንደምትላት ግን አላወቀችም።

ለፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ ላይ ልትቆርብ አስባ ነበር፤ ድፍረቱ ከዳት። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ሄደች። ከቅዳሜ ምሳ በኋላ እህል ውኃ አልቀመሰችም፤ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ዲያቆኑ ሰላም ተባባሉ ሲል ዓይኗን ገለጠች። የሺመቤት ዞራ አጎነበሰችላት። አስመረት አጎነበሰች። ልቧ ግን አላጎነበሰም፤ እዚያው እንደቆመ ነው። ይህን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ይቅር ያለው አፏ እንጂ ልቧ አይደለም። ቆራቢዎቹ ሲሰለፉ አብራቸው ቆመች፤ ከሰልፉ ልትወጣ አንድ እግሯን አነሣች። ከኋላዋ ሕፃን የታቀፈች ሴት ስለነበረች መውጫ አጣች፤ ወይም መውጫ አጣሁ ብላ ለራሷ ነገረች።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከፊቷ የየሺመቤት ጀርባ አለ። የነጠላዋ ጥለት ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወርዷል፤ ድሮ ቢሆን ታስተካክልላት ነበር። የሺመቤት ተቀበለች። ቀጥሎ እሷ ደረሰች። ካህኑ ሥጋውን ሰጣት፤ ዲያቆኑ በእርፈ መስቀል ደሙን ሰጣት። አፏን ሸፈነች።

ሊባኖስ የነገራትን ጠበቀች። ደስታ ጠበቀች፣ ቢያንስ ዕረፍት። አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። ቂሟም፣ ያ የማያጎነብሰው ልቧም፣ የልጇ መሄድም፣ ሁሉም ሳይወጣ፣ ሳይጸዳ፣ እንዳለ፣ ክርስቶስ ዘንድ ገብቷል። አልጣላትም። ቂምሽን ውጭ ጥለሽ ነይ አላላትም፤ ይዛው ነው የገባችው። ይህ ደግሞ አላጽናናትም። ብትጣል ይሻላት እንደነበር ተሰማት፤ የተጣለ ሰው ቢያንስ እልሁ ይቀርለታል። አሁን እልሁም የሷ ብቻ አይደለም።

ጠበሉን ጠጥታ ስትወጣ የሺመቤት ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ትጠብቃታለች። አፏን እንደሸፈነች እጇን ይዛ ጨበጥ አደረገቻት። አስመረትም አፏን ሸፍናለች። ሁለቱም መናገር አይችሉምና ምንም አልተባባሉም። አስመረት እጇን አላስለቀቀችም።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ትቆርባለች። የሺመቤት ግንቦት ላይ ስትታመም ሾርባ ይዛላት ወርዳለች፤ ሰጥታት፣ ጥቂት ተቀምጣ ወጥታለች። ከልቧ አልነበረም። የሺመቤት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ» ስትላት የእጇን ጣቶች ታይ ነበር።

ሉላ የቀሯትን ልብሶች ልትወስድ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። አስመረት የምትወደውን ሽሮ በሥጋ ሠርታ ጠበቀቻት። አብረው በሉ። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሰፈሩ መንገድ መቆፈር አወሩ። ልጅቷ ከስታለች። እጇን ከታጠበች በኋላ ፎጣውን እንደያዘች ቆማ ጠየቀቻት።

«ቀለለሽ ማሚ?»

«አልቀለለኝም።»

«እሷን ወደድሻት?»

«አልወደድኳትም።»

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

አስመረት ሳህኖቹን ደራረበች። ልጇ መልሱን የምትፈልገው ለመከራከር እንዳልሆነ ከድምፅዋ ገባት።

«አባትሽ እዚያ ስላለ» አለች። «ሌላ ቦታ ፈለግኩት ልጄ። መቃብሩ ላይ ፈለግኩት፣ ልብሱ ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። ክርስቶስ ውስጥ ነው ያለው። እሱ ዘንድ ስገባ ብቻ ነው አባትሽ ወዳለበት የምገባው። ስገባ ደግሞ እሷንም አገኛታለሁ። እሷን ሳላገኝ እሱን የማገኝበት በር ቢኖር ኖሮ በሱ ነበር የምገባው። የለም።»

ሉላ ፎጣውን ሰቀለች። «ጭካኔ ነው» አለች።

«ነው» አለች አስመረት።

ልጅቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ እናቷን ስማ ወጣች። በሩ ክፍት ነበር። ከታች፣ ከአንደኛው ፎቅ፣ የየሺመቤት ድምፅ ተሰማ፤ «ሉላዬ፣ ልጄ፣ አንቺ ነሽ?» የሉላ እርምጃ ሳይቆም፣ ሳይፈጥንም፣ አለፈ። የሺመቤት ድጋሚ አልጠራችም።

አስመረት ጠረጴዛውን አጸዳች። ምሳ አልፏል፤ ነገ እሑድ ነው። የተረፈውን ምግብ ከድና ፍሪጅ ውስጥ አስገባች፣ የተቀዳላትን ውኃ ሳትጠጣው ደፋችው፣ ከዚያ ነጭ ቀሚሷን ልትተኩስ ካውያውን ሰካች።